በግራ ጎኑ

ቬርነን ጊተንስ ልጁን ማርቫን ከዋሻት ዐሥራ አንድ ሳምንት ሆነው። ውሸቱ ደግሞ እንዲሁ ከአፍ ያመለጠ አልነበረም። ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀምጦ፣ የጠበሰችለትን ዓሣ እየበላ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የዋሻት።

"ሽጉጡ ወይ ማክሰኞ፣ አባዬ" አለችው ያን ቀን። "ሁለቱን አንድ ላይ አታገኝም። ልጄ ባለችበት ክፍል ውስጥ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ አልፈልግም። የአንተም ቢሆን።"

"መኪና ውስጥ ቆልፌበት እገባለሁ" አላት።

"ማልልኝ።"

"በእናትሽ አጥንት" አላት። እናቷ ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። እንዲህ ያለ መሐላ አፉን እንዴት እንዳልያዘው እሱም አያውቅም።

ማክሰኞ ማለት የልጅ ልጁ ዊኒ በምትማርበት ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ላይ ማንበብ ከሚከብዳቸው አራት ልጆች ጋር ተቀምጦ የሚያነብበት ቀን ነው። ዊኒ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ማንበብ ጨርሶ አይከብዳትም፤ ግን ቦታዋን ለሌላ ልጅ እንዳይሰጡባት እያወቀች ትንተባተባለች። መምህሯም ታውቃለች፣ አያቷም ያውቃል፣ ማንም ምንም አይልም። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቬርነን ጢሙን የሚላጨው ለዚያ ቀን ብቻ ነው። በሌሎቹ ቀናት ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ይውላል።

ታዲያ ሽጉጡን ለምን አልተወውም? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ሲቪል ለብሶ ሌባና ወንበዴ ሲያሳድድ የኖረ መርማሪ ነው። ያለ ሽጉጥ ከቤት መውጣት ለእሱ ያለ ሱሪ እንደ መውጣት ነው። ሕጉም ለጡረተኛ ፖሊስ ይፈቅዳል፤ በየዓመቱ ተኩስ ተፈትኖ የሚያሳድሰው ካርድ ኪሱ ውስጥ አለ። ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሣሪያ ይዞ የሚገባ ቢሮ ውስጥ ያለው ሰማያዊ ደብተር ላይ ይፈርም። ደብተሩን የምትይዘው ጸሐፊ ግን እሑድ እሑድ ከማርቫ ጋር አብራ የምትዘምር ሴት ናት። ቬርነን ቢፈርም ወሬው በሦስተኛው መዝሙር ላይ ማርቫ ጆሮ ይገባል።

ሌላም የሚይዘው ነገር ነበር። በሹራቡ ግራ ኪስ ውስጥ የተጣጠፈ ቢጫ ጨርቅ አለ። በእነሱ ጊዜ ሲቪል ለባሽ ፖሊሶች በየጠዋቱ የዕለቱ ቀለም ይነገራቸው ነበር፤ ዛሬ ቀይ፣ ነገ አረንጓዴ። ሽጉጥ የመዘዘ ሲቪል ለባሽ የዚያን ቀን ቀለም ጨርቅ ክንዱ ላይ ካሰረ፣ ባለ ዩኒፎርሙ የገዛ ባልደረባውን እንዳይመታ ይለየዋል። የቬርነን የሥራ ጓደኛ ኦስካር ፕሬስኮድ ቀለሙ ቢጫ በነበረበት ቀን ጨርቁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ረሳው፤ አንድ ገና ጢም ያላበቀለ ፖሊስ ከኋላው በሁለት ጥይት ጣለው። ኦስካር ጥቁር ነበር፤ ቬርነንም ጥቁር ነው። ሲቪል የለበሰ ጥቁር ሰው ሽጉጥ ይዞ ሲታይ ሌላው ምን እንደሚያስብ ሁለቱም ከማንም መማር አላስፈለጋቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቬርነን ቢጫ ጨርቅ ከኪሱ ለይቶ አያውቅም። ጡረታ ሲወጣም አልተለየውም።

የዚያ ማክሰኞ ጠዋት ጸሐፊዋ ወይዘሮ ካዝማሬክ ገና በበሩ ሲገባ ጀመረችው።

"አቶ ጊተንስ! ዛሬም ሹራብ? ውጭ እኮ ሰው በሸሚዝ እየሄደ ነው!"

"ሽማግሌ አይሞቀውም።"

"ሽማግሌ ይላሉ እንዴ! ማርቫ እኮ እሱ ራሱ ይቀብረኛል ነው የምትለው።"

"እሱን ለመዝናኛዋ ነው የምትለው" አለ ቬርነን፤ ሁለቱም ሳቁ።

የእንግዳ ምልክቱን ደረቱ ላይ ለጠፈችለትና ሰማያዊውን ደብተር ገፋ አደረገችለት። "እንግዲህ እንደ ደንቡ ልጠይቅ። የሚያስመዘግቡት መሣሪያ አለ?"

በገጹ ላይ አንድ ስም ብቻ ተጽፏል፤ ግሬግ ዶልንስኪ። ፊርማው ትልቅና የተንዛዛ ነው።

"ይሄ ማነው?"

"የከተማችን ፖሊስ ነው። ዛሬ እረፍቱ ስለሆነ ከልጁ ክፍል ጋር ኳስ ሊጫወት መጣ። ከተቀጠረ ሁለት ዓመትም አልሞላው፤ ሲፈርም እንኳ ደረቱን ነፍቶ ነው። እና፣ አለ ወይስ የለም?"

"የለም" አለ ቬርነን። ዐሥራ አንድ ጊዜ ሲባል ምላስ ይለምዳል።

ቤተ መጻሕፍቱ ሲደርስ ዊኒ ሮጣ መጥታ በግራ ጎኑ ተለጠፈችበት። ሁልጊዜ በግራ ጎኑ ነው የምታቅፈው። ግራኝ ስለሆነች ነው እያለ ያስባል።

"አባባ፣ ዛሬ የዓሣ ነባሪውን ነው የምናነበው። ደግሞ ረጅም ነው፤ እኔ በጣም ነው የምንተባተበው።"

"እንዳታበዢው ብቻ" አላት በጆሮዋ።

ሁለት ገጽ እንዳነበቡ ዊኒ ሽንት ቤት ልሂድ አለች። የቤተ መጻሕፍቱ መምህርት ወይዘሪት ትሬሆ የፈቃድ ካርዱን አንገቷ ላይ አንጠለጠለችላትና ወጣች። ሦስት ደቂቃ ያህል አለፈ። ከዚያ ከአዳራሹ በኩል ድው! ድው! ድው! አለ። ትንሽ ቆይቶ አራተኛው። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ራቅ ብሎ የሴት ጩኸት ተሰማ፤ ወዲያው ድምፅ ማጉያው ጮኸ፤ "ክፍል ግቡ! በር ቆልፉ! ልምምድ አይደለም! ልምምድ አይደለም!"

ወይዘሪት ትሬሆ ትንሽዬ ሴት ናት፤ ግን ሦስቱን ልጆች እንዴት አፍሳ ከመደርደሪያው ኋላ እንዳስቀመጠቻቸው ዓይን አላየም። መብራቱን አጠፋች፣ በሩን ለመቆለፍ ሮጠች። ቬርነን ከእሷ ቀድሞ በሩ ላይ ደርሶ ነበር።

"አቶ ጊተንስ፣ ማንም አይወጣም። ደንቡ ነው።"

"ዊኒ ውጭ ናት።"

"አውቃለሁ" አለች። "ሽንት ቤት ከሆነች ምን እንደምታደርግ ተምራለች። እባክዎ ይግቡና ልቆልፍ።"

ቬርነን ሹራቡን ገልጦ ሽጉጡን ከወገቡ መዘዘ። ከመደርደሪያው ኋላ አንዱ ልጅ "ውይ!" አለና አፉን በእጁ ያዘ። ወይዘሪት ትሬሆ ሽጉጡን አየች፣ ፊቱን አየች፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። ዐሥራ አንድ ሳምንት ቡና የሰጠችው ሴት ናት የሸሸችው። ያን ጊዜ አላስተዋለውም፤ ኋላ ነው የቆጨው። ወጣ፤ በሩ ከኋላው ተቆለፈ።

ኮሪደሩ ባዶ ነው። ግድግዳው ላይ ልጆች ከወረቀት የቆረጧቸው ዱባዎች ተለጥፈዋል። አንድ ትንሽ የስፖርት ጫማ መሐል ወለል ላይ ብቻውን ወድቋል። ሽንት ቤቱ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ ወደ አዳራሹ መታጠፊያ አጠገብ ነው። ቬርነን ግድግዳውን ተጠግቶ፣ ሽጉጡን በሁለት እጁ ወደ ወለሉ አዘቅዝቆ መራመድ ጀመረ። ጉልበቱ ያመዋል። ላብ አጥምቆታል። ኦስካር ቢያየኝ ይስቅብኝ ነበር ብሎ አሰበ።

ሽንት ቤቱ ጋ ደረሰ። ገርበብ ባለው የውጭ በር በኩል የውስጠኛው በር እንደተቆለፈ ይታያል፤ ከሥሩ ግን የማንም እግር አይታይም። ዊኒ እንዲህ ያለ ጊዜ ምን እንደሚደረግ ተምራ መጥታ ቤት አሳይታዋለች፤ መቀመጫው ላይ ቁጢጥ ይባላል፣ እግር ይሰበሰባል፣ ትንፋሽ ይዋጣል፣ የሚያውቁት ሰው ቢጠራ እንኳ አይከፈትም።

"ዊኒ" አለ በሹክሹክታ። "እኔ ነኝ።"

ዝም አለች። ጎበዝ ልጅ ናት። ወይ ደግሞ እዚያ የለችም።

"ፖሊስ! ሽጉጡን ጣል!"

ድምፁ ከኋላው ነው የመጣው፤ ዐሥር እርምጃ ቢርቅ ነው። የወጣት ድምፅ ነው፣ ደግሞም ይሰነጠቃል። ቬርነን ማን እንደሆነ ወዲያው ገባው። ደብተሩ ላይ የተንዛዛው ፊርማ ባለቤት ነው። ዶልንስኪ ግን ስለ ቬርነን አንዳች አያውቅም። ዶልንስኪ የሚያውቀው፣ በቢሮው በኩል ሲሮጥ ደብተሩን አይቶ፣ ዛሬ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከራሱ በቀር ማንም መሣሪያ እንዳላስመዘገበ ነው፤ እንግዲህ ኮሪደሩ ላይ ሽጉጥ ይዞ የቆመው ሰው ማን ሊሆን እንደሚችል ለማሰብ ብዙ አይደክምም።

ከኋላ የተጠራ ፖሊስ አይዞርም። ቬርነን ይህን ሕግ ለስንቱ ጀማሪ አስተምሯል፤ ሰው ሲዞር ሽጉጡም አብሮት ይዞራል፣ ያኔ ያለቀለት ነው። አልዞረም። እንደ ግንድ ቆመ።

"እኔም ፖሊስ ነኝ" አለ። "ጡረተኛ። ከኒውዮርክ።"

"ጣለው አልኩህ! አሁን!"

"የልጅ ልጄ እዚህ ውስጥ ናት። ቀለሙን ላሳይህ፤ ኪሴ ውስጥ ነው።"

ይህን እያለ ግራ እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ሹራቡ ኪስ ሄደ። አላሰበበትም። ሠላሳ ዓመት የኦስካርን ሞት ሲያስብ፣ ኦስካር ያላደረገውን እሱ እንዴት እንደሚያደርግ በሐሳቡ ሲለማመድ ኖሯል፤ ጨርቁን ያወጣል፣ ከፍ ያደርጋል፣ ያኛው ያያል፣ በቃ ይተርፋል። ጣቶቹ ቢጫውን ጨርቅ ያዙት።

"እጅህን! እጅህን ከኪስህ!" ልጁ ሊያለቅስ ደርሷል። "የምን ቀለም ነው የምትለው!"

ቬርነን እጁን እዚያው ኪሱ ውስጥ አቆመው። ያኔ ነው የገባው፤ ይህች ትንሽ ከተማ የዕለት ቀለም ኖሯት አያውቅም። ይህ ልጅ ስለ ጨርቁ የነገረው የለም፤ የኦስካርን ስም ከቶ አልሰማም። ከኪስ የሚወጣ እጅ ለእሱ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ኦስካርን ያስገደለው ጨርቁን መርሳቱ ነበር፤ ቬርነንን የሚገድለው ጨርቁን ማስታወሱ ሊሆን ነው።

የውስጠኛው በር መቀርቀሪያ ቀጭ አለ።

ዊኒ ብቅ አለች። ካርዱ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ዓይኗ ፈጥጧል።

"አያቴ ነው!" አለች ጮክ ብላ። "አትተኩስበት! አያቴ ነው!"

ፊት ለፊቱ ሦስት እርምጃ ላይ ናት፤ ጥይቱ እሱን ቢስተው ወይም በስቶት ቢያልፍ መድረሻው እሷ ናት። ቬርነን በሕይወቱ ብዙ ፈርቷል፤ እንዲህ ያለ ፍርሃት ግን አያውቅም። ገላው በሙሉ ዙር፣ ሸፍናት፣ ተኩስ አለው። ዙር የሚለውን ትእዛዝ በጥርሱ ነክሶ ያዘው።

"ዊኒ፣ ባለሽበት ቁሚ። አንድ እርምጃ እንዳትመጪ።" ከዚያ ራሱን ሳያዞር፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ "ስማኝ ልጄ። ግሬግ ነው ስምህ አይደል? ግራ እጄን ባዶውን ቀስ አድርጌ አወጣለሁ። ከዚያ ሽጉጡን ወለል ላይ አስቀምጣለሁ። ከዚያ እተኛለሁ። አንተ ብቻ ጣትህን ከቃታው አንሳልኝ፤ ከፊቴ ልጅ አለች።"

ከኋላው ፈጣን ትንፋሽ ይሰማል። ቬርነን ጨርቁን ኪሱ ውስጥ ለቀቀው። ባዶ እጁን ጣቶቹን ዘርግቶ አወጣ። በሚያመው ጉልበቱ ተንበረከከ፤ ሽጉጡን አስቀምጦ በእጁ ጀርባ ገፋው። ከዚያ ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰውዬ፣ የመርማሪ ሜዳልያ ሁለት ጊዜ የተሸለመ ሰው፣ ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ በሆዱ ተኛ፤ ጉንጩን ቀዝቃዛው ወለል ላይ አደረገ። የልጅ ልጁ ይህን ሁሉ ቆማ አየች። ዶልንስኪ ሮጦ መጥቶ ጉልበቱን ጀርባው ላይ ሲተክል ቬርነን አቃሰተ፤ ዊኒ የዚያኔ ነው ያለቀሰችው።

ጥቂት ቆይቶ ድምፅ ማጉያው እንደገና ጮኸ። ርዕሰ መምህሯ ነች፤ ሁሉም ሰላም ነው፣ ተኩስ የለም አለች። ጽዳት ሠራተኛው የምሳ ጠረጴዛዎቹን በጋሪ ሲያጓጉዝ አራቱ ከመድረኩ ላይ ወድቀው ኖሯል። ሌላ ነገር አልነበረም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ የዚያን ቀን ሰው ሊገድል የተቃረበ ቢኖር ልጆቹን ሊጠብቅ የመጣ ሰው ብቻ ነው።

ዶልንስኪ የቬርነንን ካርድ ከኪሱ አውጥቶ አነበበ፤ ደግሞ አነበበው። ከዚያ ሽንት ቤቱ ውስጥ ገብቶ እጅ መታጠቢያው ላይ አስመለሰ። ተመልሶ ሲመጣ ኮሪደሩ ላይ ከቬርነን ጎን ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ዕድሜው ከማርቫ ያንሳል።

"ስቤው ነበር" አለ እጁን እያየ። "ቃታውን። ግማሽ መንገድ ስቤዋለሁ። እጅዎን ከኪስዎ ቢያወጡት ኖሮ..." አልጨረሰውም። "ለምን አልፈረሙም? ስምዎን አይቼ ቢሆን ኖሮ እኮ እጠራዎ ነበር። ለምንድን ነው ያልፈረሙት?"

ቬርነን በዚያ ሰዓት ልጄ እንዳትሰማ ብዬ ነው ለማለት አፉ አልደፈረም።

"ኪስዎ ውስጥ የነበረውስ?"

ቢጫውን ጨርቅ አውጥቶ አሳየው። ዶልንስኪ አገላብጦ አየውና ምንም ስላልገባው መለሰለት።

የከተማው ፖሊሶች መጡ፤ ጠየቁ፣ ጻፉ፣ የሁለቱንም እጅ ጨብጠው ሄዱ። ሽጉጡን መለሱለት፤ ሕጉ ከእሱ ጋር ነው። ርዕሰ መምህሯ እንኳ "እንደ እናንተ ያሉ ሁለት ሰዎች ስላሉን እግዚአብሔር ይመስገን" አለች። ወይዘሮ ካዝማሬክ ግን ሰማያዊውን ደብተር ዘግታ እጇን ላዩ ላይ አድርጋ ታየው ነበር። ቬርነን አንገቱን ደፍቶ አለፋት።

ወላጆች ልጆቻቸውን እየወሰዱ ስለነበር ዊኒን ይዟት ወጣ። ሽጉጡን መኪናው ኋላ፣ ብረት ሣጥኑ ውስጥ ቆለፈበት፤ ዐሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ አደርገዋለሁ ያለውን ዛሬ አደረገው። ሲነዳ ዊኒ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታይ ነበር።

"ለእማዬ አልነግራትም" አለች በመጨረሻ።

"ምኑን?"

"ሽጉጡን። ጠረጴዛ ወደቀ ብቻ እላታለሁ።"

"ለምን አትነግሪያትም?"

"ማክሰኞን ትከለክልሃለቻ።" ከዚያ እንደ ቀላል ነገር ጨመረችበት፤ "እስከ ዛሬም እኮ አልነገርኳትም።"

ቬርነን መኪናውን መንገድ ዳር አቆመ። "ታውቂ ነበር?"

"ከመጀመሪያው ቀን። ሳቅፍህ ጎኔን ወጋኝ" አለችው፤ ቀኝ ጎኑን በጣቷ እየጠቆመች። "ከዚያ በኋላ በዚያኛው በኩል ነው የማቅፍህ።"

መሣሪያውን ከሁሉ የደበቀ መስሎት ነበር። ለካ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ አሸክሞት ኖሯል። ልጅቷ ያንን ተሸክማ ነው ስትንተባተብለት፣ ስትስቅለት፣ እናቷን ዓይን ዓይኗን እያየች ዝም ስትልለት የኖረችው። አፈረ፤ በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ማርቫ ሆስፒታል የሌሊት ሥራ አድራ ቤት ተኝታ ስለነበር ወሬውን አልሰማችም። በሩን በቤት ጫማ ከፈተችላቸው። "ምነው በዚህ ሰዓት?"

ዊኒ አፏን ከፈተች። "ጠረጴዛ ነው እማዬ፣ ጠረጴዛ ወድቆ..."

"ተይው ዊኒ" አለ ቬርነን። "እኔ ልንገራት።"

ደረጃው ላይ እንደቆመ ነገራት፤ የዋሻትን ሳምንት ሁሉ፣ ደብተሩን፣ ኪሱን፣ የልጁን ግማሽ ቃታ፣ ዊኒ የት ቆማ እንደነበር። አላሳጠረም፣ አላሳመረም። ማርቫ ስትሰማ በሩን ይዛ ነበር፤ ኋላ ላይ በሩ እሷን የያዛት መሰለ።

"በእናቴ አጥንት ነበር የማልክልኝ" አለች።

"አዎ።"

"ማክሰኞ አበቃ፣ አባዬ።"

"አውቃለሁ።"

ደረጃውን ሊወርድ ሲዞር ዊኒ እናቷን አልፋ ሮጠች። ቬርነን ሹራቡን አውልቆ ክንዱ ላይ ጥሎት ነበር፤ በሸሚዝ ብቻ ነው፣ ወገቡም ባዶ ነው። ቀኝ ጎኑን ሰጣት።

ዊኒ ቆም ብላ ጎኑን አየችው። ከዚያ ዞራው ሄዳ በግራ በኩል አቀፈችው።